ጥያቄና መልስ፦ የክረምት በቆሎና «ሆዳቸው አምላካቸው»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣም። ስለዚህ ማታ ማታ ከሰል አያይዤ በቆሎ እንጠብሳለን። ዳቦ ቆሎ እሠራለሁ፤ አንዳንዴም ንፍሮ እቀቅላለሁ። ልጆቹ ይህን ሰዓት ቀኑን ሙሉ ይጠብቁታል። እውነቱን ለመናገር እኔም እጠብቀዋለሁ። ባለፈው ግን ከአጥር ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ እትዬ «አንቺ ቤት መቼም መጠበስ አይቀርም፤ ‹ሆዳቸው አምላካቸው› የተባለው እንዳይደርስብሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በቆሎውን ሳገላብጥ ይጨንቀኛል። ደግሞ ብዙ ጊዜ በልተን፣ ስለ ሰፈሩ ስናወራ አምሽተን፣ ጸሎት ሳናደርስ እንቅልፍ ይወስደናል። ፍልሰታም እየመጣ ነው። ልተወው ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺና ከልጆችሽ ጋር ይሁን። አትተዪው። መልሱን ያስቀደምኩት ዛሬ ማታ ልጆቹ ከሰል አጥተው እንዳይተኙ ብዬ ነው። (መስኮቱን ግን ትንሽ ከፈት አድርጊው። በክረምት ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ስንቱን ቤተሰብ ጨርሷል።)

የፍልሰታን ሥርዓት ለአንቺ አልዘረዝርም። ዳቦ ቆሎው መቼ በቅቤ፣ መቼ በዘይት እንደሚታሽ የጎንደር እናት ከእኔ አትማርም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ሐሳብ መልኩን እየቀያየረ ይመጣብኛል። አንዱ «መምህር፣ የጾም ምግብ በጣም ጣፈጠኝ፤ ንስሐ ልግባ?» ይለኛል። ሌላዋ ሽሮው እንዳይጣፍጥ ሆን ብላ ጨው ትቀንሳለች። አንድ ወጣት ቡና ደስ ስለሚለው ብቻ ቡና ተወ። ከተወ በኋላ ቤተሰቡን በቁጣ አመሰው እንጂ የጨመረው ጸሎት አልነበረም። የሁሉም ሥር አንድ ነው፤ ምላስ ደስ ካላት ነፍስ ተጎድታለች ብለው ያስባሉ። ጾም ማለት ምግብን መጥላት ይመስላቸዋል።

እስቲ አስቢው። ቅቤ ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ እሱን መተው ምን ዋጋ ይኖረው ነበር? ክፉውንማ በፋሲካም አንነካውም። በጾም የምንተወው መልካሙን፣ የምንወደውን ነው። ለእግዚአብሔር ስንል እናቆየዋለን፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ አመስግነን እንቀበለዋለን። የቀደሙ አባቶችም ስለ ጾም ብሎ ከመብል የሚከለከለውንና ምግቡን ርኩስ ነው ብሎ የሚጸየፈውን ለይተዋል። የመጀመሪያውን አመስግነዋል፤ ሁለተኛውን ገሥጸዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የእግዚአብሔር ፍጥረት ሁሉ መልካም እንደ ሆነ፣ ከምስጋና ጋር ከተቀበሉት የሚጣል እንደሌለ ይናገራል (1ኛ ጢሞ. 4፥4)። ይህን ጥቅስ ጾምን ለማፍረስ የሚመዙት አሉ። ከእነሱ ጋር የምንነጋገረው ሌላ ቀን ነው።

መናን አስታውሺ። እስራኤል በምድረ በዳ ሲራቡ እግዚአብሔር ሆዳቸውን ብቻ መሙላት ቢፈልግ ኖሮ ጣዕም የሌለው ነገር ባወረደላቸው ነበር። መጽሐፉ ግን ጣዕሙ እንደ ማር እንጎቻ እንደ ነበረ ይነግረናል (ዘጸ. 16፥31)። እንጎቻ! እናቶቻችን ከሊጡ መጨረሻ ለልጅ የሚጋግሯት ያቺ ትንሿ። ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ሰማያዊውን እንጀራ ከልጅ እንጎቻ ጋር ያመሳሰለው መጽሐፍ ጣዕምን የሚጠላ አይመስለኝም።

ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ ፍም አያይዞ፣ ዓሣ በላዩ አድርጎ፣ እንጀራ ይዞ ነው ያገኙት። ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ያደሩ ሰዎች ናቸው፤ ርጥብ ናቸው፤ በርዷቸዋል። መጀመሪያ አበላቸው። ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው (ዮሐ. 21፥9-15)። አንቺም ከሰል ስታያይዢ ይህን አስቢ።

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ቡሄ አለልን። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል በፍልሰታ ጾም መካከል ነው የሚውለው። በዚያ በጾም ቀን ልጆች በየበሩ እየዘፈኑ ይመጣሉ፤ እናቶች ሙልሙል ያድላሉ። የጌታ ብርሃን በተገለጠበት ምሽት እረኞች ልጆች ቀን መስሏቸው ውጭ ቆዩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው ብለው አባቶች ያስተማሩን ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ሳትፈታ ለልጆች ትኩስ ዳቦና ደስታ ትሰጣለች። አሁን ቡሄን ማን የሆድ በዓል ነው ይላል?

እትዬ የጠቀሱት ቃልስ? «ሆዳቸው አምላካቸው ነው» የሚለው እውነት የመጽሐፍ ቃል ነው። ነገር ግን አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ በዪ። የተነገረው ስለ ክርስቶስ መስቀል ጠላቶች ነው (ፊልጵ. 3፥18-19)። ሆድ አምላክ የሚሆነው ሲታዘዙለት ነው። ለሆዱ ሲል የሚዋሽ፣ ለሆዱ ሲል ወንድሙን የሚከዳ፣ ጉቦ የሚበላ፣ ሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክል ሰው አለ። እሱ በቆሎ ባይጠብስም ሆዱን እያመለከ ነው። ከዝናብ ጋር ተደምሮ ብርድ ለሚያንቀጠቅጣቸው ልጆች በቆሎ የምታገላብጥ እናት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ዜማ ቤት ሳለሁ በጎንደር ዙሪያ አኮፋዳ ይዤ፣ ደበሎ ለብሼ ለምኛለሁ። ደበሎ ዝናብ ሲመታው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ሽታውን ተዪው። ውሻ አለ፣ ጭቃ አለ። በአንድ የነሐሴ ቀን ከአንድ ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» አልኩ። የቤቱ እመቤት ቁራሽ ታመጣለች ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች። ልጁ ከእሳት የወጣ በቆሎ ይዟል። ሊሰጣት ሲል እሷ አልተቀበለችውም። «አንተ ስጠው፤ የማርያም እንግዳ ነው» አለችው። ልጁ በቆሎውን እያየ ትንሽ አመነታ። ይወደው ነበራ! ከዚያ ሰጠኝ። እጄን አቃጠለኝ። ከጣራው ክፈፍ ሥር ተጠግቼ እየነፋሁ በላሁት። በዚያ ሳምንት የትኛውን ዜማ እንደ ቀጸልኩ ዛሬ አላስታውስም። ያንን በቆሎ ግን አስታውሰዋለሁ።

ያ ልጅ የዚያን ቀን ስለ ምጽዋት የተማረውን እኔ በዐውደ ምሕረት አንድ ሰዓት ቆሜ አላስተምረውም። የተማረውም በቆሎው ስለ ጣፈጠው ነው። የማይወደውን ቢሰጥ ኖሮ ምንም አልሰጠም ነበር።

እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆቻችን እንዴት እንድናስተምር ሲያዝዝ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል (ዘዳ. 6፥7)። «ተጫወተው» የምትለዋን ልብ በዪልኝ። ጨዋታ እሳት ዳር ነው የሚያምረው። ስብከት አድርጊላቸው አላልኩም። ልጅ አፉ በቆሎ ሞልቶ ሳለ በነቢዩ ኤልያስ ዘመን ሳያልቅ ስለ ቆየው ስለ ሰራፕታዋ መበለት ዱቄት ብትነግሪው ይሰማሻል። ጠዋት አፉ ሳይሟሽ ቅዳሴ ቆሞ የመጣው ልጅሽ ማታ እሳት ዳር «እማዬ፣ ካህኑ ዛሬ ያሉት ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ፣ ቤትሽ ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው።

አሁን ግን ቆጣ ልበል። ሁለት ነገር ጽፈሽልኛል፤ በሁለቱም አልስማማም።

አንደኛው ጸሎቱ ነው። በልተሽ ከሞቀሽ በኋላ ለመጸለይ ትጠብቂያለሽ። ሆድ ሲሞላ ዐይን እንደሚከደንማ ማን አጣው? ጸሎቱን ከከሰሉ በፊት አድርጊው። ከሰሉ ፍም እስኪሆን ጊዜ ይፈልጋል አይደል? እሱ ጊዜ ይበቃል። ከልጆችሽ ጋር ቁሙ፤ አጭርም ቢሆን አድርሱ። ከዚያ ብሉ። ሲበሉ አምሽተው በእንቅልፍ ልብ ከሚያጉረመርሙት ይሻላል።

ሁለተኛው «ስለ ሰፈሩ ስናወራ አምሽተን» ያልሽው ነው። ቃሏን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽ አለፍሻት። እኔ ግን የእሳት ዳርን ወሬ አውቀዋለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ከዳቦ ቆሎው ጋር አብሮ የሚቆረጠመው ሰው ብዙ ነው። የእከሌ ልጅ እንዲህ ሆነች፣ የእከሌ ባል እንዲህ አደረገ። ልጆቹ ደግሞ ዝም ብለው እየበሉ ይሰማሉ። እንግዲህ ቤትሽ ውስጥ ጾም የሚያፈርስ ነገር ካለ ጎመን ዘሩ ወይም ዘይቱ አይምሰልሽ፤ እሱ ነው። ለሱ ንስሐ ግቢ። ለበቆሎው አልቀበልሽም።

ስለ ፍልሰታ ደግሞ በአጭሩ፤ የጾም ነው ተብሎ እስኪያስጨንቅ አይበላም። ይህን ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ እትዬ ስትጽፊ «ከአጥር ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ» ብለሻል። የጥብስ በቆሎ ሽታ አጥር አያግደውም። የልጆች ሳቅም እንዲሁ። እሳቸው በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ብርድ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው ያንን ማታ ማታ ይሰማሉ። ስለዚህ የተናገሩት ስለ ሆድ ላይሆን ይችላል። ጥቅስ አንዳንዴ ሰው «ብቸኛ ነኝ» ማለት ሲያቅተው የሚይዘው ነገር ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ዛሬ ማታ የመጀመሪያዋ በቆሎ ስትበስል በቅጠሏ ጠቅልለሽ ትንሹን ልጅሽን ላኪው። «ኑ ብሉ» አትበያቸው፤ የኛ ሰው ኑ ብሉ ሲባል አይመጣም። «ልጆቹ የድሮውን ቡሄ ያጫውቱን ብለዋል» ብለሽ ላኪባቸው። ከመጡ ከፍሙ አጠገብ፣ ጢሱ በማይደርስበት በኩል አስቀምጫቸው። በቆሎ ስትዘረጊላቸው መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይሉሻል። ያኔ «በሞቴ» ማለት ታውቂበታለሽ። መሐላ አስተማረ እንዳትሉኝ እንጂ።