ኩባያዬን ለይቼ እጠጣለሁ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና አይደለሁም። ለማን እንደምናገረው ጠፍቶኝ ሰባት ወር ቆየሁ። አሁን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

ዕድሜዬ 31 ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ። ሸዋ ሮቢት የመጣሁት ባለፈው ሚያዝያ ለሥራ ነው። የምኖረው ታላቅ እህቴ ቤት ነው። ግንቦት 12 ማታ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ወጣን፤ ጠጣን። የዚያን ሌሊት ቡና ቤት ከምትሠራ ሴት ጋር አደርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮንዶም ነበር። አልተቀደደም፣ አልወለቀም። ያወጣችው እሷ ናት፤ እኔ አልያዝኩም ነበር። እውነቱን ለመናገር ያስጠረጠረኝም እሱ ነው። ጤነኛ ብትሆን ምን ብላ ትይዛለች? እንደዚያ ዓይነት ሴት መሆኗን እያወቅሁ ነው ጥፋቱን ያጠፋሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ጉሮሮዬን አመመኝ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ምላሴ ነጭ ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት በስልኬ መብራት አየዋለሁ። አንገቴ ሥር ንፍፊት አለ። በየቀኑ እነካዋለሁ፣ አልጠፋም። ኪሎዬ ከ64 ወደ 59 ወርዷል።

ለኤች አይ ቪ አራት ጊዜ ተመርምሬያለሁ። ሰኔ 15 እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ 20 ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 5 ደብረ ሲና፣ ኅዳር 28 ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ከፍዬ። ከተማ የምቀያይረው ሰው እንዳያየኝ ነው። ሁሉም ቦታ ነፃ ነህ ነው የሚሉኝ። ግን የሚያዳምጠኝ የለም! ደብረ ብርሃን ላይ ውጤቴን ሰምቼ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ገባሁ። ስለ ንፍፊቱ ልነግራት ስጀምር ባለሙያዋ «ነፃ ነህ አልኩህ እኮ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብላ በሩን አሳየችኝ። አዲስ አበባም ያው ነው። አንገቴን የነካልኝ ሰው የለም። መሣሪያው ቢሳሳትስ? ቫይረሱ ተደብቆ ቢሆንስ? ከስድስት ወር በኋላ የወጣባቸው ሰዎች አሉ ሲባል አንብቤያለሁ። ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ሰባት ቀን ተጠምቄያለሁ። ስመለስ ለጥቂት ቀን ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ተመለሰ።

እቤት ውስጥ በተቻለኝ እጠነቀቃለሁ። ኩባያዬንና ማንኪያዬን ለይቻለሁ። ጨጓራ አለብኝ ብዬ ከእነሱ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ትቻለሁ። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፤ ላጉርስህ ስትለኝ እጇን እመልሰዋለሁ። ታኮርፋለች። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች። አጎቴም ያረፈው በዚሁ በሽታ ነው፣ 1994 ላይ። እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ይሄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኔ ጥያቄ ባለሙያ ለምን በሽተኛን አያዳምጥም ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። እጮኛ አለችኝ፤ መሐል ሜዳ ነው ያለችው። ሽማግሌ የተላከው ለፋሲካ ሰሞን ነበር። ሠርጉ ጥር 17 ነው። ስልኳን ካነሳሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ቤተሰቦቿ ድንኳን ተነጋግረዋል። ሠርጉ ይቅር ልበል? ወይስ አምስተኛ ተመርምሬ ቁርጤን ልወቅ? ብነግራትስ ምን ብዬ ልንገራት?

የተጨነቀው፣ ከሸዋ ሮቢት

* * *

ወንድሜ፣

አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። በዕድሜ ከታናሽ ወንድሜ እኩል ነህ።

ያቺ ልጅ አትረሳውም።

ይህን ያስቀደምኩት፣ በደብዳቤህ ውስጥ እንደ ዋዛ ካለፍካቸው ነገሮች ሁሉ እሱ ስላስለቀሰኝ ነው። አንተ ረሳህ? አጎትህ ካረፈ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዘመኑን ግን አልሳትክም። ስንት ዓመትህ እንደነበርም ታውቃለህ። «ሌላ ጉዳይ ነው» ብለህ ዘጋኸው። እኔ ግን ጉዳዩ እሱ ይመስለኛል።

እኔም የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ሴት ስትታመም እናቴ ምግብ ታመላልስላት ነበር። እናቴ ደግ ሴት ናት። ሳህኑን ግን መልሳ አታመጣውም፤ «እዚያው ይቅር» ትላለች። አንድ ማታ ራት ቀርቦ ሳህን አጠረን። ማናችንም ለምን ብለን አልጠየቅንም፤ ሁላችንም ገብቶናል። ያቺ ሴት በዚያ ዓመት ሞተች። ሳህኖቻችን ከለቅሶው በኋላ ተደርድረው ሲመለሱ እናቴ አልተቀበለችም። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ሆዴ ይባባል።

የአጎትህ መጠጫ ለብቻው አልነበረም ወይ? እንዳትነካ አልተባልክም? ባልሳሳት፣ ያኔ በስምንት ዓመትህ ያየኸውን ነው ዛሬ በራስህ ላይ የምታደርገው። ማንም ሳይለይህ ራስህን ለየህ። አሁን አጎት የሆንከው ደግሞ አንተ ነህ። በዚያኛው ወገን ቆማ የምታይህ የእህትህ ልጅ ናት።

ኤች አይ ቪ በኩባያ አይተላለፍም። በማንኪያ፣ በጉርሻ፣ በላብ፣ በመሳሳምም አይተላለፍም። ቫይረሱ በደምህ ውስጥ ቢኖር እንኳ ያቺ ልጅ ብታጎርስህ ምንም አትሆንም ነበር። ያኔ ይህ በየመንደሩ አልታወቀም። መድኃኒቱም አልነበረም። በአገራችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። አጎትህ ሦስት ዓመት ቀደመው። ዛሬ መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይገኝ ድረስ የወረደለት ሰው ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። በግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። አንተ ግን የምትፈራው የ1994ቱን በሽታ ነው።

ስለ ምርመራው ረጅም አልጽፍም። በጤና ጣቢያ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው። ያ ነገር እስኪታይ ቢበዛ 90 ቀን ይጠበቃል። ከግንቦት 12 ብትቆጥር 90ኛው ቀን ነሐሴ 12 ነው። አንተ ነሐሴ 20 ተመርምረሃል። ጉዳዩ ያለቀው የዚያን ቀን ነው። ደብረ ሲናና አዲስ አበባ የሄድከው በከንቱ ነው። ስድስት ወር ጠብቁ የሚባለው የቆየ ምክር ነው፤ በእሱ እንሂድ ብትል እንኳ ኅዳር 28 ከስድስት ወር አልፏል። ይህን ያህል ቆይቶ ከምርመራ የሚደበቅ ቫይረስ የለም።

ምልክት ያልካቸውንም ልንገርህ። ቫይረሱ አዲስ ሲገባ የሚመጣው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ሽፍታ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜም በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ከጉንፋን ለይቶ የሚያውቀው የለም፤ ለዚህ ነው ምርመራ ያስፈለገው። ሰባት ወር ሙሉ በየማታው አይመላለስም። የመንዝን ብርድ ለምደህ ሸዋ ሮቢት ስትተኛ ላብ ቢያጠምቅህ አይገርምም፤ ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ንፍፊቱን በየቀኑ እየነካካህ እንዴት ይጥፋ? የሚነካካ ነገር ያብጣል፣ ያማል። ኪሎህ የቀነሰውም ከትሪው ስለራቅህ ሊሆን ይችላል፤ ንፍፊቱ፣ ላቡና የኪሎው መቀነስ ካልተውህ ግን ኤች አይ ቪን ትተህ ሌላ ምክንያት እንዳለ ሐኪም ይይልህ። ሆዱ ጭንቀት የሞላው ሰው ብቻውን ተቀምጦ ምን ያህል ይበላል?

አሁን ልቆጣህ ነው። «እንደዚያ ዓይነት ሴት» ያልካት ሰው ኮንዶሙን አወጣች። አንተ ባዶ እጅህን ነበርክ። ሰክረሃል፤ እሷ ግን አስባለች። የሕይወትህን ጠባቂ እንዴት ትጠረጥራለህ? ኮንዶም የያዘችው ስለታመመች ሳይሆን ስለምታውቅ ነው። ከማን ጋር እንደምታድር ሳታውቅ የምትኖር ሴት ራሷን ከአንተ ጠበቀች፤ አንተንም አብራ ጠበቀች። እሷ ነበረች አንተን መጠርጠር የነበረባት! ለቁጥሩም ያህል፦ ቫይረሱ ካለባትና መድኃኒት ከማትወስድ ሴት ጋር አንድ ጊዜ ያለ ኮንዶም የሚገናኝ ወንድ የመያዝ ዕድሉ ከ10,000 ውስጥ 4 ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ኮንዶም በአግባቡ ሲጨመር ምን ያህል እንደሚያንስ አንተው አስበው። ይህን የነገርኩህ ኮንዶም እንድትጥል አይደለም፤ ከ10,000 ውስጥ አራቱ ሰዎች ናቸው፣ ሌላም የአባላዘር በሽታ አለ። ያቺን ሴት በደብዳቤህ ስለ በደልካት ግን በልብህ ይቅርታ ጠይቃት።

(ለሌሎች አንባቢዎች፦ ኮንዶም ከተቀደደ ወይም ጭራሽ ካልነበረ ወር አትጠብቁ። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ንገሩ። ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሻለው።)

ባለሙያዋ በሩን ማሳየቷ ልክ አይደለም። ተቀምጣ ሁለት ደቂቃ ብትሰማህ ይህ ሁሉ መንገድ ይቀርልህ ነበር። ግን ብትሰማህም አንገትህን ነክታ ታሳርፍህ እንደነበር እጠራጠራለሁ። አራት ጊዜ ነፃ ነህ የተባለ ሰው አምስተኛውን ቢሰማ ከወር በኋላ ስድስተኛውን ይፈልጋል። ስለዚህ አምስተኛውን አትመርመር፤ እምቢ እልሃለሁ። የስልክ መብራቱንም አጥፋ። ይልቅ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቅና ደብረ ብርሃን የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር። «ኤች አይ ቪ ያለብኝ ይመስለኛል» ብለህ ሳይሆን «አራት ጊዜ ነፃ ተብዬም አላምንም፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ አጎቴ በዚህ ነው የሞተብኝ» ብለህ ጀምር። ይህ የሚታከም ሕመም ነው። ጸበሉንም ቀጥል፤ የሚከለክልህ የለም።

ወደ እጮኛህ ልምጣ። ከደብዳቤው መጨረሻ ላይ ያስቀመጥካት ዋናዋ እሷ ሆና ነው።

ምርመራ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ሽማግሌ ልከህ፣ ቃል ሰጥተህ ሌላ ጋር አድረሃል። ሰውነትህ ላይ ስትፈልገው የከረምከው ቅጣት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አራት ላቦራቶሪ ጥፋተኛ ነህ እንዲልህ ፈለግህ፣ ሁሉም ነፃ ነህ አሉህ፣ አልተዋጠልህም። ይህን ሊፈርድልህ ወይም ይቅር ሊልህ የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው፤ ስልኳን የማታነሳላት ሰው።

ንገራት። ብዙዎች ነፃ ከሆንክ ለምን ታስከፋታለህ ይሉሃል። እኔ አልስማማም። የማትነግራት ከሆነ ከሠርጉ በኋላም ምላስህን በመብራት የምታይ ባል ነው የምታገባው፤ ምክንያቱን ሳታውቅ። ኩባያህን ከእሷም ትለያለህ። ደግሞ የምታገባውን ሰው አውቃ የማግባት መብት አላት። ሠርጉን አንተ ብቻህን አታፍርስ፣ በገንዘብ ወይም በሕመም አታመካኝ። ይቅር ወይም ይቀጥል የምትለው እሷ ናት።

ሽማግሌ አትላክ፣ በስልክም አታድርገው። ዛሬ ደውልና «ሁለት ሳምንት ዝም ያልኩት በአንቺ ጥፋት አይደለም፤ ቅዳሜ መጥቼ እነግርሻለሁ» በላት። ቅዳሜ በጠዋት ተሳፈር። ጣርማ በርን ወጥተህ መሐል ሜዳ ስትገባ የውጤት ወረቀቶችህን ኪስህ አድርግ፤ ግን በእነሱ አትጀምር። መጀመሪያ ያደረግኸውን ንገራት፣ በአጭሩ፣ ያቺን ሴት ሳትሰድብ። ከዚያ ዝም በል። ታለቅስ፣ ትሳደብ፣ ተነሥታ ትሂድ፤ አትከራከራት። ሁለታችንም አብረን እንመርመር ካለች እሺ በል። ያን አንዱን ለእሷ ብዬ እፈቅድልሃለሁ። እምቢ ካለችህ ድንኳኑን ለማስመለስ ወደ ቤተሰቦቿ የምትሄደው አንተ ነህ፤ ስሟን አታስነሣ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ግን ዛሬ ማታ አለ። እህትህ ራት ስታቀርብ ከትሪው ተቀመጥ። ልጅቷ ላጉርስህ ካላለችህ አንተ አጉርሳት። ከዚያ አፍህን ክፈትላት።