ልጅ አልመጣ ሲል፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት ሞከርን። የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤት ዘግቼ አለቅሳለሁ። የሞተብኝ ሰው የለም፤ ለምን ሐዘን ሐዘን ይለኛል?

መልስ፦ ሐዘን ስለሆነ ነዋ እህቴ። ቀኑ ሁለት ሦስት ሲያልፍ በልብሽ ስም ታወጫለሽ፣ የሚወለድበትን ወር በጣትሽ ትቆጥሪያለሽ። ከዚያ አንዲት ጠብታ ደም ታያለሽ። ያ ሁሉ በአንዴ ይፈርሳል፤ የሚያጽናናሽ ሰው ግን የለም፣ ምን እንደሞተብሽ ማንም አላየማ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት፣ መውለድ ያልቻሉ ሴቶች ድባቴና ጭንቀት ከካንሰር ታማሚዎች ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። አላጋነንሽም።

ጥያቄ፦ «አትጨነቂ፣ ያኔ ይመጣል» ይሉኛል። እውነት በጭንቀቴ ነው?

መልስ፦ ይህን አባባል ስሰማ በጣም ነው የምናደደው። ያዘነችን ሴት ጥፋተኛ ያደርጋታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከ3,500 በላይ ሴቶች የተካተቱባቸው 14 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከመካንነት ሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀት በውጤቱ ላይ ለውጥ አላመጣም። ለጭንቀትሽ እርዳታ ፈልጊ፤ ግን ለማርገዝ ብለሽ ሳይሆን እንቅልፍሽ እንዲመለስ፣ ምግብ እንዲጥምሽ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ችግሩ ካንቺ ነው» ብሎ አልመረመርም አለ።

መልስ፦ ከሚቸገሩት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው። እሱ ሳይመረመር አንቺ ብቻሽን ከምርመራ ወደ ምርመራ መንከራተት የለብሽም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ አረገዝኩ ስትለኝ ቀናሁ። ክፉ ሆንኩ?

መልስ፦ አልሆንሽም። ለእሷ ደስ እያለሽ ለራስሽ ማልቀስ ትችያለሽ። «ደስ ብሎኛል፣ ግን ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ብለሽ ጻፊላት። ከልብ የምትወድሽ ትረዳሻለች።

ጥያቄ፦ ለማርገዝ እንዲረዳኝ የታዘዘልኝን ክሎሚፊን የሚባል መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ በትንሹም በትልቁም እቆጣለሁ።

መልስ፦ መድኃኒቱ የስሜት መለዋወጥ ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪምሽ ንገሪው።

ጥያቄ፦ ባለሙያ ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ፦ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከከፋሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ አትቆዪ። «ሞቼ ባረፍኩት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። የድባቴ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ «ላርግዝ ነው» ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ፤ ቀድመሽ ሐኪምሽን አማክሪ።