የቀለም መለያው ማሽን ከሰዓት በኋላ ለምን ያዛባል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ የተላኩት ከአዳማ ነው። ሦስቱም እህልንና ዕቃን በማሽን ስለመለየት የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጉዳይ በከተማው የብዙ መጋዘኖች ችግር ሊሆን ስለሚችል ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ነጭ ቦሎቄ የማዘጋጅበት መጋዘን አለኝ። ባለፈው ዓመት አዲስ የቀለም መለያ ማሽን አስተክዬ ነበር። ጠዋት ላይ ሥራው ደኅና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን የጠቆረውና የተበላሸው ቦሎቄ ከንጹሑ ጋር ማለፍ ይጀምራል፣ በተጣለው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጥሩ ፍሬ አገኛለሁ። ነጭ ጠጠርም ከንጹሑ ጋር ያልፋል። የሸጠልኝ ድርጅት «ሴንሲቲቪቲውን (መጥፎውን የመለየት ንቃቱን) ጨምር» ይለኛል፤ ስጨምረው የሚጣለው ብቻ ይበዛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ የጠቀሷቸው ሁለት ምልክቶች፣ ማለትም መጥፎው ማለፉና ጥሩው መጣሉ፣ በአንድ ጊዜ መታየታቸው ችግሩን ለማወቅ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። የማሽኑ ዓይን ብቻ ቢደክም ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ያዩ ነበር። ለምሳሌ በካሜራው መስታወት ላይ አቧራ ሲያርፍ ጥሩው ፍሬም ጠቆር ብሎ ስለሚታይ የሚጣለው ይበዛል፤ መጥፎው ግን እንደ ወትሮው መጣሉን አያቆምም። ሁለቱ ስሕተቶች አብረው ከመጡ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የማሽኑ እጅ ነው፤ እጅ የምንለውም የታመቀውን አየር ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ፍሬው በማሽኑ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ እንከተል። ቦሎቄው ከላይኛው ማጠራቀሚያ ወጥቶ በሚንቀጠቀጥ ሰሌዳ ላይ ከተሰራጨ በኋላ በተዳፋቱ መውረጃ ላይ ተንሸራቶ ከጫፉ ይለቀቃል። በዚያች ቅጽበት ከፊትና ከኋላ ያሉት ካሜራዎች ያዩታል፣ ኮምፒዩተሩም ቀለሙን ከተሰጠው መለኪያ ጋር ያነጻጽራል። መጥፎ ነው ብሎ ከፈረደ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያለው ቫልቭ (የአየር መዝጊያ) ተከፍቶ በአየር ምት ወደ መጣያው ይገፋዋል። ፍሬው በዚያ ቦታ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ይወርዳል ብለን ብናሰላ፣ በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። የነጭ ቦሎቄ ርዝመት ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ቫልቩ በሦስት ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ የአየሩ ምት የተፈረደበትን ፍሬ ስቶ ከኋላው የሚመጣውን ንጹሕ ፍሬ ይመታል። መጥፎው ያልፋል፣ ጥሩው ይጣላል። የአየሩ ግፊት ሲወርድም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ምቱ ደካማና የዘገየ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሴንሲቲቪቲውን መጨመር ቫልቮቹ ይበልጥ ደጋግመው እንዲከፈቱ ስለሚያደርግ የቀረውን አየር ይጨርሳል፤ ስለዚህ የተሰጠዎት ምክር ችግሩን የሚያባብስ ነው ብለን እናምናለን።

ነገ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ማዛባት ሲጀምር ከኮምፕረሰሩ (አየር ከሚያምቀው ማሽን) አጠገብ ያለውን ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሳይሆን በማሽኑ መግቢያ ላይ ያለውን ጌጅ ቆመው ይመልከቱ። ቆሻሻ የበዛበት ቦሎቄ በሚወርድበት ጊዜ መርፌው ማሽኑ ከሚፈልገው ግፊት በታች የሚወርድ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ማሽን ጸጥ ባለበት፣ ታንከሩ አየር እንደሞላ ኮምፕረሰሩን ያጥፉና በመስመሩ ላይ እየሄዱ ያዳምጡ። በየመጋጠሚያው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ካለ፣ ወይም ማንም አየር ሳይጠቀም የጌጁ መርፌ ቶሎ ቶሎ ከወረደ፣ የከፈሉበት አየር በመንገድ ላይ እየባከነ ነው። ይህን መጠገን አዲስ ኮምፕረሰር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ከኮምፕረሰሩ እስከ ማሽኑ የተዘረጋው ቱቦ ቀጭንና ረጅም መሆኑም ግፊቱን ይቀንሳል።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ፤ እሱም የከተማው ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በመሆኑም ለባሕር ጠረፍ ተሰልቶ የተመረጠ ኮምፕረሰር እዚህ ሲተከል በደቂቃ የሚያምቀው አየር በዚያው መጠን ያንሳል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም አቅማቸው የሚገለጸው እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ የሳሳው አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዛቸው ቶሎ ይሞቃሉ። ጠዋት ደኅና የነበረው ከሰዓት በኋላ የሚደክምበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የኮምፕረሰሩ ክፍል ጠባብና መስኮት የሌለው ከሆነ አየር እንዲዘዋወርበት ያድርጉ፤ በዚያው ሰዓት የመብራቱ ቮልቴጅ ይወርድ እንደሆነም በኤሌክትሪሽያን ያስለኩ። አየር ሲታመቅ ውኃ ያቋጥራልና ታንከሩን በየቀኑ ያፍስሱ፤ ውኃውና የኮምፕረሰሩ ዘይት ቫልቮቹ ውስጥ ከገቡ ሥራቸውን ያዘገዩታል፣ ሲቆይም ያበላሿቸዋል። ማድረቂያና ማጣሪያ ካልተገጠመ የቫልቭ መለዋወጫ መግዣ ወጪ ማለቂያ አይኖረውም።

የነጩ ጠጠር ጉዳይ ሌላ ነው። ቀለምን ብቻ ለሚያይ ካሜራ ነጭ ጠጠርና ነጭ ቦሎቄ አንድ ናቸው፤ ማሽኑን የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት አይለያቸውም። ጠጠር የሚለየው በክብደቱ ስለሆነ ቦሎቄው ወደ ቀለም መለያው ከመድረሱ በፊት በድንጋይ መለያ ማሽን ማለፍ አለበት። ይህ ማሽን ያዘነበለና የሚንቀጠቀጥ ወንፊት ያለው ነው፤ ከሥሩ የሚነፋው አየር ቀላሉን ቦሎቄ አንሳፍፎ ወደ ታች ሲሸኘው፣ ከባዱ ጠጠር ወንፊቱን ተጣብቆ በመንቀጥቀጡ ኃይል ሽቅብ ይወጣል። ነቀዝ የበላው ፍሬም ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይቀልላል፤ በክብደት በሚለየው በግራቪቲ ማሽን አስቀድሞ ቢወጣ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የነቀዙ ቀዳዳ ወደ ካሜራው ካልዞረ ፍሬው ንጹሕ መስሎ ያልፋል። በአጭሩ አቧራውና ገለባው በነፋስ፣ ሰባራው በወንፊት፣ ጠጠሩ በክብደት ከተለየ በኋላ ለቀለም መለያው ሊቀርለት የሚገባው የቀለም ጉድለት ብቻ ነው። አቧራ ያልተነሣለት ቦሎቄ በቀጥታ ሲገባበት መስታወቱ በየሰዓቱ ይሸፈናል፤ የአዳማ ነፋስ በክፍት በር የሚያስገባው አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

የሚወርደውንም መጠን ይቀንሱ። የቸኮለ ባለ መጋዘን በሰዓት ብዙ ኩንታል ለማውጣት ሲል አወራረዱን ያበዛዋል፤ ፍሬው ግን ሲደራረብ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል፣ የአየሩም ምት አንድ መጥፎ ሲመታ ሁለትና ሦስት ጥሩ ፍሬ አብሮ ይወስዳል። ለምሳሌ ከ100 ኩንታል ውስጥ 3 ኩንታሉ መጥፎ ነው እንበል። ማሽኑ 2.7 ኩንታሉን አውጥቶ ከያንዳንዱ ሁለት መጥፎ ጋር አንድ ጥሩ ቢጥል 1.35 ኩንታል ጥሩ ቦሎቄ አብሮ ይወጣል። አንድ ለአንድ ከጣለ ግን ጉዳቱ 2.7 ኩንታል ይሆናል። የተጣለውን ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ መልሶ መጨመር የመጥፎውን ድርሻ ስለሚያበዛ አንመክረውም፤ ለብቻው አከማችቶ፣ አወራረዱን ቀንሶ ዳግም ማሳለፍ ይሻላል።

በመጨረሻም ማሽኑን የሚፈትኑበት መንገድ ይኑርዎ። ቢራ ፋብሪካዎች ባዶ ጠርሙስ የሚመረምረውን ማሽን የሚቆጣጠሩት አፋቸው የተሸረፈ ወይም ቆሻሻ ያለባቸውን ምልክት የተደረገባቸው ጠርሙሶች ሆን ብለው በመስመሩ ላይ በማሳለፍ ነው፤ ማሽኑ ከነሱ አንዱን እንኳ ካሳለፈ መስመሩ ቆሞ ይስተካከላል። እርስዎም በእጅ ተለቅሞ በጸዳ አንድ ጆንያ ቦሎቄ ውስጥ 100 የተበላሹ ፍሬዎችን ቆጥረው ይቀላቅሉና ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ያሳልፉ። ከመቶው ስንቱ እንደወጣና ስንት ጥሩ ፍሬ አብሮ እንደተጣለ በመዝገብ ይያዝ። ከሻጩ ጋር የሚነጋገሩት ያን መዝገብ ይዘው ቢሆን ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ቦሎቄ በመልቀም ልጆቼን አሳድጌያለሁ። አሠሪያችን የመለያ ማሽን ሊያስገባ መሆኑን ሰምተናል። ማሽኑ ከእኛ ይበልጣል? ለእኛስ ምን ይቀርልናል?

መልስ፦ እኅታችን፣ እውነቱን ሸፍነን ልናጽናናዎ አንፈልግም። በሰዓት በሚያነሣው መጠን ማሽኑ ከሰው እጅ እጅግ ስለሚበልጥ የለቃሚዎች ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። ነገር ግን ማሽኑ ጥሩና መጥፎውን ራሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው በናሙና ሲያሳዩት ነው። የትኛው ፍሬ ዝናብ ነክቶት እንደተበላሸ፣ የትኛው መጋዘን ቆይቶ ወደ ቢጫ እንዳዘነበለ፣ ገዢውም የትኛውን እንደሚታገሥ ለይቶ የሚያውቀው ለዓመታት በእጁ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ናሙና መርጦ ማሽኑን ማስተማር፣ በየሰዓቱ የወጣውን መፈተሽ፣ በመጨረሻው ኮንቬየር (ተንቀሳቃሽ ማጓጓዣ ቀበቶ) ላይ ቆሞ ያመለጠውን ማንሣት የእናንተ ሥራ ሊሆን ይገባል። ይህንን ማሽኑ ከመተከሉ በፊት፣ ብቻዎን ሳይሆን ከባልደረቦችዎ ጋር ሆነው፣ ለአሠሪዎ ቢያቀርቡ መልካም ነው፤ ማሽኑን ለማንቀሳቀስ ሥልጠና ሲሰጥም ቅድሚያው ለነባር ሠራተኞች እንዲሆን ይጠይቁ።

አንድ ነገር በብርቱ ይጠንቀቁ። ክፍያችሁ ለቅማችሁ ባወጣችሁት ቆሻሻ ኪሎ ከሆነ፣ ማሽኑ ከገባ በኋላ በኮንቬየሩ ላይ የሚቀረው ቆሻሻ ጥቂት ስለሚሆን ድካሙ ሳይቀንስ ገቢያችሁ ይወድቃል። ክፍያው ወደ ቀን ወይም ወደ ወር ደመወዝ እንዲለወጥ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ማፍጠጥም ዓይንን ያደክማልና በየተወሰነ ጊዜ መፈራረቅ፣ በቂ መብራትና የአቧራ መሸፈኛ ማግኘት ይገባችኋል። በኮንቬየሩ አጠገብ ሻርፕና ነጠላ ተንጠልጥሎ መሥራት አደገኛ ነው። የማቆሚያው ቁልፍ የት እንዳለ ሁላችሁም በመጀመሪያው ቀን እወቁ።

ጥያቄ፦ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ካርቶኖችን በቁመታቸው የሚለይ ትንሽ ኮንቬየር ሠርቻለሁ፤ መግፊያው ግን አንዳንዴ ካርቶኑን ይስታል። ሴንሰሩን ልቀይረው?

መልስ፦ ከመቀየርህ በፊት መግፊያው የሚንቀሳቀሰው በሰዓት ቆጠራ መሆኑን አረጋግጥ። ሴንሰሩ ካየ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ግፋ ብለህ አዝዘኸው ከሆነ፣ የቀበቶው ፍጥነት በጭነት ወይም በቮልቴጅ መለዋወጥ በተቀየረ ቁጥር ካርቶኑ ከቦታው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይገኛል። በቀበቶው ዘንግ ላይ ኢንኮደር (የዘንጉን መሽከርከር የሚቆጥር መሣሪያ) ግጠምና ሰዓቱን ትተህ ርቀቱን ቁጠር፤ ከሴንሰሩ እስከ መግፊያው 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቀበቶው 40 ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ ይግፋ። መግፊያው ራሱ ለመዘርጋት የሚወስደውን ጊዜ ለማካካስ ግን ትእዛዙ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት፤ ስንት እንደሆነ የምታገኘው ቀበቶውን በምትሠራበት ፍጥነት እያሽከረከርክ በመሞከር ነው።