«ሰው አውሬ ይሆናል የሚሉትን ልትማሪ ነው?»

ከሎስ አንጀለስ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነሽ። ከሜክሲኮዋ ኦዋካ ግዛት የመጡ ጎረቤቶችሽ ያሳዩሽ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ጃጓር (ነብር መሰል አውሬ) የሆነ የእንጨት ቅርጽ ልብሽን ወስዶታል። አንትሮፖሎጂ፣ ማለትም የሰውን ባህልና እምነት የሚያጠናውን ትምህርት ልማር ስትዪ እናትሽ «ጥንቆላውን ተዪና ነርሲንግሽን ጨርሺ» አሉሽ። የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያም አንቺ ትሸፍኛለሽ ተብለሻል።

የቆረቆረኝ ይሄ ጥንቆላ የሚሉት ነገር ነው። በኦዋካ ናዋል የሚሉት ወደ እንስሳ መለወጥ ይችላል ተብሎ የሚታመን ሰው ነው። ቶና ደግሞ ሰው ሲወለድ ጓደኛ የሚሆነው እንስሳ ነው። ሳን ማርቲን ቲልካኼቴና አራሶላ የተባሉት የኦዋካ መንደሮች ጠራቢዎች ይህን ከኮፓል እንጨት ይጠርቡታል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይቀባዋል። ሸጠው ይኖሩበታል።

እኛስ? ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» አልነው። ማረሻውን ገዛን፣ ልጃችንን ግን እንዳያገባ ከለከልነው። እነሱ ተለዋጩን ጠርበው እንጀራ ሲበሉበት፣ እኛ እንጀራ የሚያበላንን ሰው አውሬ አደረግነው። እኔ ቢሮ ከመግባቴ በፊት አናጢ ነበርኩ። የእናትሽ ቁጣ ውስጥ ያ የቆየ ንቀት ይሸተኛል።

አንትሮፖሎጂው ላይ ግን ከአንቺም አልስማማም። ስለ ናዋል ከምትጽፊ የተጠረበውን እንጨት ከመበላሸት ብታድኚው ይሻላል። ኮፓል እርጥብ ሳለ ነው የሚጠረበው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚጠግን ባለሙያ አላቸው፤ ኮንሰርቫተር ይባላል። እዚያው ከተማሽ ዩሲኤልኤ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ጌቲ ከተባለው የጥበብ ተቋም ጋር የሚሰጠው የዚሁ ሙያ የማስተርስ ትምህርት አለ። ኬሚስትሪ ይጠይቃል፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚባለውን ጭምር። ስለዚህ ለነርሲንግ የጀመርሽውን ኬሚስትሪ እንዳትጥዪው። ቀለል ያለውን ትተሽ የሳይንስ ተማሪዎች የሚወስዱትን ውሰጂ። (በነገራችን ላይ ኮፓል የእኛ ዕጣን ዛፍ ዘመድ ነው። እናትሽ ቡና ሲያፈሉ ንገሪያቸው።)

የኮንሰርቫተር ደሞዝ ከነርስ ሊያንስ ይችላል፣ ክፍት ቦታውም ጥቂት ነው፤ አልዋሽሽም። የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ አንቺ ትሸፍኛለሽ መባሉ ግን ልክ አይደለም። እሱም ይሥራ።

የሜክሲኮ ቋንቋ ነውና ስፓኒሽ አሁኑኑ ጀምሪ። በሃያ ዓመትሽ «ዕድሜዬ አልፎ ይሆን?» ብለሽ አትጠይቂኝ።

በዚህ ክረምት አንድ ሙዚየም ሄደሽ የኮንሰርቬሽን ክፍላቸው በጎ ፈቃደኛ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ። የማስተርስ ማመልከቻሽን የሚያዩ ሰዎች እጅሽ ምን እንደሠራ ማወቅ ይፈልጋሉ። ካስገቡሽ አንድ ቀን እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ።