ቃር ያመጣው የጨጓራ ቀለበት ሲወጣ በምን ይተካ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ47 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀለበት፣ እዚህ ላፕ ባንድ የሚሉትን፣ አስገብቼ በሁለት ዓመት ውስጥ 24 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ አብዛኛው ግን ተመልሷል። እንጀራ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል፣ ሥጋ ከተውኩ ቆየሁ፣ ያለ ችግር የሚወርድልኝ አጥሚትና አይስክሬም ብቻ ነው። ሌሊት ቃርና ሳል ከእንቅልፌ ያስነሱኛል፤ የበላሁት ትራሴ ላይ የሚመለስበት ጊዜም አለ። ሐኪሜ በቀለበቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲያወጣልኝ ተሻለኝ፣ ክብደቴ ግን ወዲያው መጨመር ጀመረ። አሁን ቀለበቱ ወጥቶ ስሊቭ ወይም ባይፓስ በሚባል ሌላ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና እንዲተካ ተነግሮኛል። ታላቅ እህቴ «ያን ብረት አስወጪና ተገላገዪ፤ ሌላ ቢላዋ ምን ያደርግልሻል» ትለኛለች። እኔ ግን የሥራ ባልደረባዬ ስሊቭ አሠርታ ስለተስማማት ልቤ ወደዚያ አዘንብሏል። የቱ ይሻለኛል? ማውጣቱና መተካቱስ በአንድ ቀን ይሆናል? ጾሙንስ እንዴት አደርጋለሁ?
ስሜ ይቆየኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እህትዎ ብረት ያሉት ነገር ሲሊኮን ነው። ቀለበቱ የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ያስራል፤ በውስጡ ያለው ፊኛ ከቆዳ ሥር ከተቀበረች ትንሽ መቀበያ ጋር በቀጭን ቱቦ ስለሚገናኝ በመርፌ የጨው ውሃ ሲጨመርበት ይጠብቃል፣ ሲቀዳለት ይላላል። (ብዙ አንባቢ ላያውቅ ስለሚችል ላንሣው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ቤልጂየም ውስጥ ይህንን ቀለበት ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገቡት ቀዶ ሐኪም ኢትዮጵያ የተወለዱት ዶክተር ምትኩ በላቸው ናቸው።) በአሜሪካ ከ2001 ጀምሮ ተፈቅዶ ለዓመታት እጅግ ተፈላጊ ነበር። ዛሬ የሚያስገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ከጊዜ ብዛት ቀለበቱ ከቦታው ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም የጨጓራን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ከበላዩ ያለው የምግብ ቧንቧ እየሰፋ ይሄዳል።

ከየትኛው ቀዶ ሕክምና በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ቀለበቱ በእርስዎ ላይ ለምን እንዳልሠራ ነው። የሌሊት ቃር፣ ሳልና የምግብ መመለስ፣ ውሃው ሲወጣ መሻሉም ጭምር፣ ምግብ ከቀለበቱ በላይ እየታገደ እንደቆየ ያመለክታሉ። እንጀራና ሥጋ ሲታገዱ አጥሚትና አይስክሬም ግን ስለሚሾልኩ፣ ክብደትዎ የተመለሰው ራስዎን መግዛት ስላቃተዎ ሳይሆን ቀለበቱ ጣፋጩንና ለስላሳውን ብቻ ስላስተረፈልዎ ነው። ይህንን የምለው ብዙ ሰዎች በኀፍረት ለዓመታት ወደ ሐኪም ሳይመለሱ ስለሚቆዩ ነው።

የእህትዎ ምክር በግማሹ ትክክል ነው። ቀለበቱ ጨጓራውን በልቶ ከገባ መውጣቱ ምርጫ አይደለም። ነገር ግን አውጥተው ብቻ ከሚቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ክብደታቸው ይመለሳል። ሌላ ቀዶ ሕክምና የማይሹ ከሆነ ቀለበቱን አስወጥተው ለክብደት በተፈቀዱት መርፌዎች፣ ማለትም በአሜሪካ በ2021 በተፈቀደው ሴማግሉታይድ ወይም በ2023 በተፈቀደው ቲርዜፓታይድ መቀጠል እንደሚችሉ ከሐኪምዎ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው።

ስለ ስሊቭ ግን ልቆጠብ አልችልም። በስሊቭ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ጠባብ ቱቦ ይሆናል፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ ግፊቱ ከፍ ስለሚል አሲድ ወደ ላይ ይገፋል፣ የነበረውም ቃር ሊብስ ይችላል። ባልደረባዎ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሌሊት በቃር ይነቁ እንደነበር ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ተቆርጦ የወጣ ጨጓራ አይመለስም፤ ከስሊቭ በኋላ በቃር ምክንያት ወደ ባይፓስ ለመዞር የሚገደዱ ሰዎችም አሉ፤ ለእርስዎ ያ ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። በባይፓስ የእንቁላል ያህል ትንሽ ከረጢት ከላይ ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፤ አብዛኛው አሲድ የሚመነጭበት ክፍል ከምግቡ መንገድ ስለሚወጣ ቃሩ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ስለዚህ ምርመራው ሌላ ነገር ካላሳየ በስተቀር ሚዛኑ ወደ ባይፓስ ያደላል። ለጉልበት ወይም ለወገብ ሕመም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አዘውትረው የሚወስዱ ወይም የሚያጨሱ ከሆነ ግን ከባይፓስ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ቁስለት ሊፈጠር ስለሚችል አስቀድመው ይናገሩ።

ምርመራው ቢያንስ ባሪየም የተባለውን ፈሳሽ ጠጥቶ የሚነሣውን ራጅና ኢንዶስኮፒን፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየትን፣ ይጨምራል፤ በኢንዶስኮፒው ጊዜ በእኛ ሰው ዘንድ የተለመደው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ አብሮ ይታይ። የ2010ሩን የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ካስገቡበት ሆስፒታል ያስወጡ፤ ጨጓራው በቀለበቱ ላይ ታጥፎ ተሰፍቶ ከነበረ አዲሱ ሐኪም ያንን መፍታት አለበት።

በአንድ ቀን ይሆናል ወይ ላሉት፣ ቀለበቱ ጨጓራውን ካልበላና አካባቢው ካልተቆጣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በአንድ ጊዜ ይሠሩታል። ሆኖም ለዓመታት የታሰረው ቦታ በወፍራም ጠባሳ ስለሚሸፈን፣ በዚያ ላይ የተሰካ ስቴፕል፣ ማለትም የተቆረጠውን ጨጓራ የሚገጥመው ትንሽ የብረት መስፊያ፣ በደንብ ላይዝና ሊያፈስ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙዎች ቀለበቱን አውጥተው ሦስት ወር ያህል ካቆዩ በኋላ ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና መመለስን ይመርጣሉ። ሐኪምዎ ሥራውን ጀምረው ለሌላ ቀን ካሳደሩት ያ ጥንቃቄ እንጂ ክሽፈት አይደለም፤ ይህ እንደሚቻል በሚፈርሙት ወረቀት ላይ ይኑር። የኢንሹራንሱም ፈቃድ ማውጣቱን ብቻ ወይስ ሁለቱንም እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ከባይፓስ በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ሽሮና ምስር ፕሮቲን አላቸው፤ ይህን ያህል ለማግኘት የሚበላውን መጠን ግን ያች ትንሽ ከረጢት በመጀመሪያዎቹ ወራት አትችለውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ መቆየትም ያደርቃል፤ በኋላ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ማካካስ አይቻልምና። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስጨንቅምና ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ ብረቱና ካልሲየሙ ሁለት ሰዓት ይራራቁ፣ ብረቱም ከቡና ጋር አይወሰድ።

እስከዚያው ውሃ እንኳ አልወርድ ካለ፣ ወይም ብርቱ የሆድ ሕመምና ትኩሳት ከመጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያም ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቀለበት እንዳለብዎና ለረጅም ጊዜ ሲያስመልስዎ እንደቆየ ይንገሯቸው፤ በዚህ ሁኔታ ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ሊያልቅ ስለሚችል አስቀድሞ መሰጠት አለበት።