ባንክ ትቶ እምቦጭ ማሳደድ

ደብዳቤውን የላከችልኝ የ26 ዓመት ወጣት ናት። አራት ኪሎ ሒሳብ ተምራለች። አሁን ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች በአንዱ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ዳታ ክፍል ትሠራለች። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ደንቢያ ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን ጣና ዳር ወረድኩ። ውሃ አላየሁም። ፊቴ ያለው አረንጓዴ ሜዳ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ‹ትናንት እዚህ አልነበረም፤ ነፋስ ነው ያመጣው› አሉኝ። ይቺ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ነፋሱና ውሃው ከታወቀ እምቦጩ ነገ የት እንደሚያድር ማስላት አይቻልም? ሳነብ ለካ ሙያ ነው። የሐይቅን ፍሰት በኮምፒውተር ሞዴል ሠርተው መጤ ወራሪ ዝርያ ወዴት እንደሚሄድ የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። እኔም ልሠራው እፈልጋለሁ። እናቴ ‹ባንክ ገብታ ሣር ልታሳድድ ነው› ትላለች። ባንኩን ልልቀቅ? ማስተርስ ልቀጥል? ሥራውስ እዚህ አገር አለ?»

የኔ እህት፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። እምቦጭ ሣር አይደለም። «ማሳደድ» ያሉት ግን ልክ ነው፤ ይሄዳላ። ሥሩ አፈር አይዝም፣ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ዓሣ አጥማጁ ትናንት ያላዩትን ዛሬ ያገኙት።

መጀመሪያ ባንኩን አትልቀቂ። ገና ነው። ለምን እንደምል እመጣበታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሥራውን ጠጋ ብለሽ እንድታይው እፈልጋለሁ። የሚጽፉልኝ ልጆች ብዙዎቹ የወደዱት የሙያውን ስም ነው። አንቺ ከጥያቄ ነው የተነሳሽው፤ በዚህ ትለያለሽ።

አሜሪካና ካናዳ መሃል ያሉትን ታላላቅ ሐይቆች ታውቂያቸዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴንት ክሌር በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ዜብራ መስል የምትባል፣ ጥፍር የምታህል ባለ ዛጎል ፍጥረት ተገኘች። ከአውሮፓ የመጣችው መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ሆዳቸው ውስጥ በሚይዙት ውሃ ነው። በ1990 አምስቱም ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ነበረች። እጭዋ ለዓይን አትታይም። ለሳምንታት ውሃው ወደወሰዳት ትሄዳለች። እንዲህ ላለች ፍጥረት የፍሰት ሞዴል ከሞላ ጎደል መልሱ ራሱ ነው፤ ውሃው የት ሄደ ካልሽ እሷም እዚያው ናት።

እምቦጭ ግን ሁለት ጌታ አለው። ቅጠሉ ከውሃ በላይ ቆሞ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ሥሩ ታች ሆኖ ውሃው ወደሚሄድበት ይጎትተዋል። ነፋሱና ውሃው ሁልጊዜ አይስማሙም። እንደ ጣና ባለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ፣ የላይኛው ውሃ ከነፋሱ ጋር ሲሄድ የታችኛው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ጣና እኮ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሰፍቶ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። የውሃውን ፍሰት ከላይ እስከ ታች በአማካይ አንድ አድርጎ የሚያሰላ ቀለል ያለ ሞዴል ይህን መመለስ አያሳይሽም። ለጎርፍ የሚበቃው ሞዴል ለእምቦጭ ላይበቃ ይችላል ማለት ነው።

ሒሳቡ አንቺን አያስፈራሽም። እያንዳንዱን የእምቦጭ ክምር እንደ አንድ ነጥብ ቁጠሪው። የነጥቡ አዲስ ቦታ ማለት የድሮው ቦታ፣ ሲደመር ውሃው የወሰደው፣ ሲደመር ነፋሱ የገፋው፣ ሲደመር ትንሽ የዕጣ ነገር ነው። የመጨረሻው ውሃው ውስጥ ላለው ትርምስ ነው። አንድ ሺህ ነጥብ ለቀሽ ይህን በየሰዓቱ ስትደጋግሚው «እዚህ ነው» የሚል መልስ አይወጣም። «በብዛት እዚህ፣ ጥቂቱ እዚያ» የሚል ካርታ ነው የሚወጣው።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ይነፍሳል እንበል። እምቦጩ የነፋሱን ፍጥነት 3 በመቶ ይወስዳል ካልን፣ በሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ከኤሊ ብዙም አይፈጥንም። በ6 ሰዓት ግን 3 ኪሎ ሜትር ከ240 ሜትር ነው። 3 በመቶውን ወደ 2 ብናወርደው 2 ኪሎ ሜትር ከ160 ይሆናል። አየሽ? አንዲት በመቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አሳሳተችን። ያ ማለት አረሙን ሊነቅል የተሰበሰበው ሕዝብ ሌላ ቀበሌ ቆሞ ሲጠብቅ ይውላል።

ታዲያ 3 ነው 2? ወጣቱ እምቦጭና ያረጀው፣ ብቻውን ያለውና ተያይዞ የተጋገረው እኩል አይነዱም። ይህን ቁጥር ከኮምፒውተር አታገኚውም። ውሃ ላይ ወጥቶ መለካት ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ቅዳሜም ግማሽ ቀን ስለምትገቢ እሑድ ይሁን። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ናት። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ያዢ። አንዱን እስከ አንገቱ ውሃ ሙዪው፤ ክዳኑ ብቻ ብቅ ይላል። ሁለተኛው ውስጥ ሁለት ሦስት እፍኝ ጠጠር ጨምሪና ዝጊው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግማሹም ከውሃ በላይ ይሆናል። ሁለቱም ላይ ረጅም ሲባጎ እሰሪ። ሲባጎውን በየ5 ሜትሩ ቋጥሪው። ሆራ ወይም ባቦጋያ ላይ ጀልባ ተከራዪና ሁለቱንም እኩል ልቀቂያቸው። በ10 ደቂቃ ስንት ቋጠሮ ሄደ? ወዴት ዞረ? ባለጠጠሩ ነፋሱን ተከትሎ ሲሄድ ሌላው ወደ ጎን ሊልብሽ ይችላል። ሲባጎው ራሱ ይጎትታቸዋል፤ ስህተት ነው፤ እሱንም ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ስትጨርሺ ጎትተሽ አውጫቸው፤ ፕላስቲክ ጥለሽ እንዳትመጪ።

የልጆች ጨዋታ ይመስላል። የሆነ ጊዜ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ቦታውንም ሰዎቹንም ልተዋቸው። አንድ ባለሙያ ያማረ ካርታ አሳየን። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ቀስቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ተጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ነፋሱን ከየት አመጣኸው?» አሉት። ከአየር ማረፊያው ጣቢያ ነው። «እሱማ የየብስ ነፋስ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሐይቁ ላይ ቀን ሌላ ነው፣ ሌሊት ሌላ ነው።» ሰውዬው ዝም አለ። እሳቸው የተናገሩት መጽሐፍ ላይም አለ፤ ቀን የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል፣ ሌሊት ይገለበጣል። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ።

ዛሬም ያው ችግር ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ሰው ሁሉ በነፃ የሚያወርደው ኢራ5 የሚባል የአየር ሁኔታ ዳታ አለ። ጥሩ ነው። ግን ምድሩን በካሬ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ የአንዱ ካሬ ጎን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሐይቁ በሙሉ ጥቂት ካሬ ውስጥ ይገባል። የሽማግሌው ቀንና ሌሊት እዚያ ውስጥ ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ የምለው ለሙያሽ ዋናው ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፍ ልጅ አዲስ አበባ ሞልቷል። ዴልፍት3ዲን የመሰለ የፍሰት ሞዴል ኮዱ ክፍት ነው። የተንሳፋፊ ነገር ጉዞ የሚያሰላው ኦፕንድሪፍትም በነፃ ይገኛል፤ የኖርዌይ ሜትዎሮሎጂ ተቋም የሠራው ነው። ጠፍቶ ያለው፣ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲባል የሚመልስ ሰው ነው። አንቺ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ባንክ ውስጥ ስትሠሪ የኖርሽው ይህንኑ አይደል? ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደንበኛ፣ ያልሞላ ዓምድ፣ የማይታረቅ ሒሳብ። የነፋስ ዳታም እንደዚያው ነው፤ ይጎድላል፣ ይደገማል፣ ይዋሻል።

ሞዴልሽ ልክ መሆኑን የምታመሳክሪው በሳተላይት ነው። ሴንቲኔል-2 እያንዳንዱን ቦታ በ5 ቀን አንዴ ያነሳል፤ አንዱ የምስል ነጥብ 10 ሜትር ነው። እምቦጩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክረምት ላይ ግን ደመናው አያሳይም። ያኔ በራዳር የሚሠራው ሴንቲኔል-1 ይረዳሻል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። የሚከፈለው ለኢንተርኔት ፓኬጁ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። እምቦጭ አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። ጣና ላይ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011። ከአዋሽ ወደ ጣና የሚፈስ ውሃ የለም። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የሚያሻግረው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፤ በጀልባ፣ በመረብ፣ አንዳንዴም አበባው አምሮት። ይህን የፍሰት ሞዴል አይነግርሽም። ደርሶም ዝም ብሎ አይንሳፈፍም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ጣና ላይ በብዛት የሚታየው በሰሜንና በምሥራቅ ዳር መሆኑም የነፋስ ብቻ አይደለም፤ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከእርሻው ያጠቡትን ይዘው የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ከሥነ ሕይወት ሰዎች ጋር ተጠጊ። ለመሆኑ አራት ዓመት በተመላለስሽበት የአራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የውሃ ሕይወትና የዓሣ ሀብት ትምህርት እንደሚሰጥ ታውቂ ነበር? ከሒሳብ ክፍል ብዙም አይርቅ። አንድ የምሳ ሰዓት ታክሲ ይዘሽ ብቅ በይ። ፒያሳ ወርደሽ በእግርሽ ብትጨርሺውም መንገዱ ከታደሰ ወዲህ ደስ ይላል።

ሥራ አለ ወይ ላልሽው፣ «የሐይቅ ፍሰት ሞዴል ባለሙያ» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም። ሥራው ግን በሌላ ስም አለ። ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አለ። ባሕር ዳር የጣናና ሌሎች የውሃ አካላት ኤጀንሲና ዩኒቨርሲቲው አሉ። እዚሁ አዲስ አበባ የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ቢሮ አለው። ሌላው የግድብና የመስኖ ጥናት የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች ናቸው። ያው ቀመር ግድብ ውስጥ ደለል የት እንደሚተኛም ያሰላል፣ ጎርፍ የት እንደሚደርስም ያሰላል። ዳቦሽን የምታገኚው መጀመሪያ ከደለልና ከጎርፍ ይመስለኛል፤ እምቦጩ ይከተላል። ደግሞ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወዴት እንደሚወርድ አስቢው። የሕዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ አዲስ ሐይቅ ነው። አረሙ እዚያ ይደርሳል ወይ፣ ከደረሰስ የት ዳር ይይዛል የሚለውን አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም።

ደመወዙ ላይ አላታልልሽም። ለጀማሪ ተመራማሪ መንግሥት የሚከፍለው ባንክ ከሚከፍለው ያንሳል። ወደ ጣና ዳር መውጣትም ከጸጥታው የተነሳ በፈለግሽው ቀን የሚሆን አይደለም። አትልቀቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። በባንኩ ደመወዝ ስድስት ወር ራስሽን ፈትኚ። ላፕቶፕሽ ላይ ትንሽ ሞዴል ሥሪ። ይሳሳታል። የት ላይ እንደተሳሳተ አንድ ገጽ ጻፊ። ያ ገጽ ኖሮሽ ለማስተርስ ብታመለክቺ፣ አምስት ኪሎ ሃይድሮሊክስ ይሁን፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ወይም ደግሞ ኔዘርላንድስ ዴልፍት፣ «የአካባቢ ጥበቃ ፍቅር አለኝ» ከሚለው መቶ ማመልከቻ መሃል የሚነበበው ያንቺ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ ከሰለቸሽም ምንም አልጎደለብሽ፤ እናትሽ ደስ ይላቸዋል።

ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት አለሁ። ሲቪ አታምጪ፤ ሲቪሽን ባላየውም እገምተዋለሁ። ቋጠሮ የቆጠርሽበትን ደብተር ይዘሽ ነይ።