ለጅዳዋ እህታችን፦ ስለ ሐምሌ 26ቱ የፀሐይ ግርዶሽ ካየሁት

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። «የምንኖረው ጅዳ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚሆን ሰማሁ። 5፣ 8 እና 12 ዓመት የሆናቸው ሦስት ልጆች አሉኝ። ከአሁኑ ምን ላዘጋጅ? በኤክስሬይ ፊልም ማየት ይቻላል የሚሉኝም አሉ። እናቴ ደሴ ናት፤ እሷስ ታያለች ወይ?» ብለሻል። ከሥር የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው። «መነጽር ግዢ» የሚለው ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። እኔ ሁለት ግርዶሽ አይቻለሁ፤ አንዱን ላሊበላ፣ አንዱን ዳላስ። ላንቺ በጣም የሚጠቅምሽ ሁለቱ የተለያዩበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከኤክስሬዩ ልጀምር፤ እሱን ሳልነግርሽ ብቀር አይሆንልኝም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ላሊበላ ነበርን። መነጽር እንደ ልብ አልነበረም፤ እኛ ቤት የደረሰው አንድ ብቻ ነው፣ ለሰባት ሰው። የአክስቴ ልጅ፣ ያኔ 16 ዓመቱ፣ ተራ መጠበቅ ሰለቸውና ከአባቱ የደረት ኤክስሬይ ላይ ቆርጦ በሱ ማየት ጀመረ። «በደንብ ይታያል፣ ምንም አያቃጥልም» ይለን ነበር። እውነቱን ነው፣ አላቃጠለውም። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሬቲና የሚባለው የዓይን የኋላ ክፍል ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም፤ ሲቃጠልም ዝም ነው። ፊልሙ የሚታየውን ብርሃን ቀንሶ ዓይን እንዲደፍር ያደርገዋል እንጂ የማይታየውን ጨረር አያቆምም። በማግሥቱ ደብተሩን ገልጦ «የማነበው ፊደል መሐሉ ጠፋብኝ» አለ። ዙሪያው ይታየዋል፣ ትኩር ብሎ የሚያየው ቦታ ላይ ግን ትንሽ ግራጫ ነጠብጣብ አለ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒት የለም፣ በጊዜ ብዛት ይሻለዋል ተባልን። ከወራት በኋላ አብዛኛው ተመለሰለት፤ በግራ ዓይኑ ግን ያቺ ነጠብጣብ ዛሬም አልለቀቀችውም።

ስለዚህ እህቴ፣ ኤክስሬይም፣ በሻማ ጢስ የጠቆረ መስታወትም፣ ሲዲም፣ የፎቶ ኔጋቲቭም፣ ሁለት ሦስት ተደርቦ የሚደረግ የፀሐይ መነጽርም አይሆንም። ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልቶ በነጸብራቁ ማየትም አይሆንም፤ አያቶቻችን ያደርጉት ነበር፣ ግን ከውኃው የሚንፀባረቀውም ብርሃን ለዓይን ከሚገባው በላይ ነው። የበያጅ መስታወት የሚሆነው 14 ቁጥሩ ነው፤ ብየዳ ቤት ውስጥ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ አልመክርሽም።

የምትገዢው መነጽር ላይ አይኤስኦ 12312-2 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ጽሑፍ መኖር አለበት። ጽሑፉን ግን ማንም ሊያትመው ይችላል። እኔ ዳላስ በኢንተርኔት ካዘዝኳቸው ሁለት ዓይነቶች አንዱ ጽሑፉ ነበረው፣ ሳሎን ውስጥ አድርጌው ግን ሶፋው ሁሉ ታየኝ። ወዲያው ጣልኩት። ትክክለኛው መነጽር እንዲህ ነው፦ ቤት ውስጥ ስታደርጊው ድፍን ጨለማ ይሆናል፤ የበራ የስልክ መብራት አፍንጫሽ ሥር ብታመጪው እንኳ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታይሽ ወይም ጭራሽ አይታይሽም። ውጭ ወጥተሽ ወደ ፀሐይ ስትዞሪ ደግሞ ጠርዟ የጠራ፣ ዓይን የማትወጋ ክብ ብቻ ታያለሽ። ጭረት ወይም እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ካለው አታስተርፊው። ደግሞ ሳምንት ሲቀረው አትግዢ፤ ቀኑ ሲቃረብ ገበያው በአስመሳዩ ይሞላል። ለአምስት ሰው ከሆነ ሰባት ግዢ፤ ልጆች ይጥላሉ፣ ጎረቤትም ባዶ እጁን ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ላሊበላ ያየነው ቀለበታዊ ግርዶሽ ነበር። ጨረቃ ከእኛ ራቅ ባለችበት ጊዜ ስለዋለ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ልትሸፍናት አልቻለችም፤ ዙሪያዋን ቀጭን የእሳት ቀለበት አስቀርታለች። እንዲህ ያለው ግርዶሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነጽር አይወልቅም። ኮሮና ገብቶ ስለነበር ተራርቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመናል። እናቴ ወይራ ዛፍ ሥር ነበረች። ፊቷን ወደ ቅዳሴው አድርጋለች፣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ድንገት ጀርባዋን ሳይ ነጭ ነጠላዋ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የጨረቃ ቅርጾች ተነጥፈዋል፤ ንፋስ ቅጠሉን ሲነካው ሁሉም አብረው ይወዛወዛሉ። ጥቂት ቆይቶ እያንዳንዱ ማጭድ ገጠመና ቀለበት ሆነ። በቅጠሎቹ መሐል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት እንደ ካሜራ ቀዳዳ ሆኖ የፀሐይን ምስል ነጠላው ላይ ይጥል ነበር። ከዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ አእምሮዬ ላይ የቀረው እሱ ነው፤ ለማየትም መነጽር አላስፈለገኝም።

ይህንን ለ5 ዓመቱ ልጅሽ ተጠቀሚበት። የፓስታ ማጥለያ ያዢና ጥላው ነጭ አንሶላ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ፤ በየቀዳዳው ልክ የተገመሰች ፀሐይ ታገኛላችሁ። ወይም ካርቶን ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ በሺ። ከቀዳዳው አንድ ሜትር ርቆ የሚያርፈው ምስል 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ባራቅሽው መጠን ያድጋል፣ ግን ይደበዝዛል። ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ነው የሚያዩት እንጂ በቀዳዳው ውስጥ ወደ ፀሐይ ማየት የለም። ይህን ቀደም ብለሽ አስረጂያቸው፤ ልጅ ቀዳዳ ሲያይ ዓይኑን መለጠፍ ይወዳል።

ዳላስ ግን ሌላ ነገር ነው። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነች፤ ጨለማው 4 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩት ለቀቀ። ጠዋት ሰማዩ በደመና ተሞልቶ ስለነበር ተስፋ ቆርጠን ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ እኛ ባለንበት በኩል ደመናው ተበጣጠሰልን። ከፊሉ በተሸፈነበት አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ የሚያስደንቅ ነገር ብዙም የለም። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ብርሃኑ ይለወጣል፤ እንደ ምሽት አይደለም፣ ቀለሙ የወጣ ብርሃን ነው። የእጄ ጥላ ላይ ፀጉሬ ሁሉ ተለይቶ ይታየኝ ጀመር። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ወፎቹ እየተንጫጩ ወደ ዛፋቸው ገቡ፣ የመንገድ መብራት በራ። ከዚያ የመጨረሻዋ የብርሃን ፍንጣቂ እንደ ቀለበት ፈርጥ ቦግ ብላ ጠፋች። መነጽሬን አወለቅኩ።

ጥቁር ክብ፣ ዙሪያዋን ደግሞ ነጭ ሐር የመሰለ የፀሐይ አክሊል። ከታች በኩል ደማቅ ሮዝ የሆነች ነጥብ በዓይኔ አየሁ፤ ከፀሐይ ላይ የተነሣ ጋዝ ነው። በቀኝ ቬኑስ፣ በግራ ጁፒተር፣ በጠራራ ቀን። ባለቤቴ ታለቅሳለች፣ እኔ «እግዚኦ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ወንድሜ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው የሚኖረው። እነሱ ጋ ከ99 በመቶ በላይ ተሸፍኗል። «99 እና 100 ምን ልዩነት አለው» ብሎ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ጠበቀ። ግማሽ ሰዓት ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢነዳ ሙሉው ውስጥ ይገባ ነበር። ማታ ስደውልለት «ትንሽ ደብዘዝ አለ እንጂ ምንም የለም» አለኝ። አንዷ መቶኛ ብቻ የቀረች ፀሐይ እንኳ ከሙሉ ጨረቃ በብዙ ሺህ እጥፍ ትደምቃለች፤ አክሊሉ ደግሞ ብርሃኑ የሙሉ ጨረቃን ያህል ነው። እንዴት ይታይ! እስከዛሬ ይቆጨዋል።

አንቺ በዚህ ዕድለኛ ነሽ። ጅዳ ሙሉው ውስጥ ናት፣ ጨለማውም 6 ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ እኛ ካየነው አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። መካ ከ5 ደቂቃ ትንሽ በላይ ያገኛል። በጣም የሚረዝመው ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ሲሆን 6 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ይደርሳል። መዲናና ሪያድ ያላችሁ ግን ከመስመሩ ውጭ ናችሁ፤ እዚያ ከፊል ብቻ ስለሆነ መነጽር ፈጽሞ አይወልቅም። ከቻላችሁ ወደ ጅዳ ወይም ወደ መካ ኑ፤ የወንድሜ ቁጭት እንዳይደርስባችሁ።

በጅዳ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፣ ከ7 ሰዓት ከሩብ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ ይሆናል፣ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ያበቃል። ማንም ያልነገረሽ ነገር ደግሞ ይኸውልሽ፦ ፀሐይ አናትሽ ላይ ልትሆን ጥቂት ነው የሚቀራት። ላሊበላ ጠዋት ስለነበር ቀጥ ብለን ቆመን ነው ያየነው። ዳላስ አንገቴን አንጋጥጬ ሁለት ቀን አሞኛል። ጅዳ ላይ ከዚያም ትበልጣለች፤ ልጆች በዚያ አኳኋን አንድ ደቂቃም አይቆዩም። ምንጣፍ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙ።

ሙቀቱን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ወቅት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ደጅ ማሠራት በሕግ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ልጆቹን ሦስቱንም ሰዓት ደጅ አታውያቸው። ሲጀምር አንድ ጊዜ አሳያቸው፣ አስገቢያቸው፣ በየ20 ደቂቃው ለአፍታ ብቅ ይበሉ፣ ሊሞላ 20 ደቂቃ ሲቀረው ውኃና ኮፍያ ይዛችሁ ውጡ። ቦታን በተመለከተ እኔ ብሆን ባሕሩ ዳር ኮርኒሽ አልሄድም። ጥላው ከሰሜን ምዕራብ በባሕሩ ላይ እየሮጠ ስለሚመጣ ከዳርቻው ማየቱ ድንቅ ነው፤ ግን በዚያ ሙቀት፣ በዚያ መኪና መሐል፣ ሦስት ልጅ ይዞ? የሕንፃችሁ ጣሪያ ላይ መውጣት ከተፈቀደላችሁ ከሱ የተሻለ የለም። መስጊዶችም የግርዶሽ ሶላት ስለሚኖራቸው የምትሰግዱ ከሆነ የአካባቢያችሁን ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጆቹን ቢያንስ ሦስት ቀን አለማምጃቸው። እኛ የልጃችንን መነጽር በካርቶን ሳህን ላይ ሰክተን እንደ ጭምብል አሰርንለት፤ ለትንሽ ፊት መነጽሩ ይሰፋልና በጎን በኩል ብርሃን ይገባል። ቃላችን ሁለት ብቻ ነበር፦ «አውልቅ» እና «አድርግ»፤ የሚናገረውም አንድ ሰው ብቻ። «አውልቅ» የሚባለው በመነጽሩ ውስጥ ምንም ነገር ሳይታይ ሲቀር ነው። ስልክሽ ላይ 5 ደቂቃ የሚቆጥር ደወል አዘጋጅተሽ ያኔ አስነሺው፤ ሲጮህ ሁሉም መነጽሩን በእጁ ይይዛል፣ በጠርዙ በኩል ብርሃን ነጠብ ስትል «አድርግ»። የ12 ዓመቷን ይህን ኃላፊነት ብትሰጫት ደስ ይላታል። ለ5 ዓመቱ ግን አንቺ ራስሽ እጅሽን ፊቱ ላይ አድርጊ።

ፎቶ ለማንሣት አትድከሚ። እኔ ከዳላሱ 4 ደቂቃ አንዷን ከስልክ ጋር ስታገል አጠፋኋት፤ የወጣው ፎቶ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ይልቅ ስልኩን አንድ ቦታ አስደግፈሽ የእናንተን ፊት እንዲቀርጽ ተዪው። የኛን ዛሬም ስንከፍተው የልጄ «አባዬ ማታ ሆነ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ባይኖኩላር ያለው ሰው ቢመጣ ደግሞ በግርዶሽ መነጽር ላይ ደርቦ እንዳያይበት፤ የተሰበሰበው ብርሃን መነጽሩን በቅጽበት ይበሳዋል።

ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ከአሁኑ አሠሪዎቻችሁን 15 ደቂቃ ጠይቁ። በዕለቱ ከጠየቃችሁ ምሳ ሰዓት ነውና እንቢ ሊባል ይችላል።

ስለ እናትሽ፦ ደሴ ላይ የሚታየው ከፊል ነው፤ በአገር ቤት ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር የሚሸፈነው ይጨምራል፣ ሙሉ የሚሆንበት ቦታ ግን የለም። ስለዚህ እሳቸው መነጽሩን ለአንድ ሴኮንድም ማውለቅ የለባቸውም። ሐምሌ መጨረሻ ክረምት ነው፣ ደመናው ላይከፈትላቸው ይችላል። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስታገኚ ሁለት መነጽር ላኪላቸው፤ በዕለቱ ደግሞ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ደውይላቸው፣ በኋላ መስመሩ ይጨናነቃል። ከመላክሽ በፊት የመነጽሩን ፎቶ ከፊትና ከኋላ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊው፤ እኔም ሌሎቹም እናይልሻለን።